ደጊቱና የእርቁ ሳጥን

ከእስቴ መካነ ኢየሱስ ወጣ ብላ ባለች አንዲት አጥቢያ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ፣ ከግድግዳው ካሜራ ተሰቅሏል፤ ከካሜራው ሥር ደግሞ ከዳዊት መጽሐፍ የማይበልጥ ጥቁር ሳጥን ተቀምጧል። የሚያውቁት ኢንኮደር ይሉታል። ካሜራው ያየውን ይቀበልና በኢንተርኔት ለመጓዝ እንዲመች አድርጎ ይልከዋል፤ አዲስ አበባም ሆነ ጅቡቲ ያለ የአጥቢያው ልጅ ስልኩን ከፍቶ የአዳራሹን ጉባኤ ያያል። የአገሩ ሰው ግን ይህን ሁሉ አይልም። «የደጊቱ ሳጥን» ይለዋል።

ደጊቱ ባለቤቱ አይደለችም። ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን ከገበያው ዳር ዘርግታ ቀሚስ ታጠብባለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች። ትምህርቷ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ የቀረውን ያገኘችውን ሁሉ በማንበብ ሞላችው። ሳጥኑን ያመጣው መሐሪ የሚባል የአጥቢያው ተወላጅ ነበር። አዲስ አበባ ቪዲዮ በማንሳት ሥራ የኖረ ሰው ነው፤ በሽታው ሲጠናበት ለአገሩ የሚተወው ነገር ፈለገና ይህንን ይዞ መጣ። ማን ይማረው ሲባል ሰበካ ጉባኤው ደጊቱን ጠራ። መሐሪም እንዴት እንደሚበራ፣ እንዴት እንደሚጠፋ፣ ከሥዕሉ ግርጌ ጽሑፍ እንዴት እንደሚቀመጥ አሳያት። ሊሰናበት ሲል እጇን ይዞ፣

«ደጊቱ፣ አደራ። እንዳለ ጠብቂልኝ» አላት።

ዓመት ሳይሞላው ዐረፈ።

አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላል። የሕያው አደራ ቢጎድል ባለቤቱ እግር ላይ ወድቀው ይቅር ይባላሉ፤ የሙት አደራ ቢጎድል እግሩ የት ይገኛል? ደጊቱም «እንዳለ» የምትለዋን ቃል እንዳለች ያዘቻት። ከፋብሪካ ሲመጣ የለበሰውን ስስ ላስቲክ እንኳ ከሳጥኑ ላይ አልገፈፈችም። አቧራውን የምታብሰው ለዚያው ብቻ በለየችው ጨርቅ ነው። የሚከፈተውም መሐሪ ባሳያት ቃል ነበር፤ የመግቢያ ስሙም «አድሚን»፣ የይለፍ ቃሉም «አድሚን»። እሱ መርጦ የሰየመው ይመስላት ስለነበር፣ ቃሉን ስትጽፍ ሁልጊዜ «ነፍስ ይማር» ትላለች።

ይህ ሁሉ ደኅና ነበር፤ የእርቁ ቀን እስኪደርስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የደጊቱ ልጅ ህይወት፣ ሙሉዓለም የሚባል የስማዳ ልጅ አግብታለች። ሙሉዓለም ክፉ አልሠራም። ታላቅ ወንድሙ ግን በግጦሽ ጠብ የእማማ ስንዱን ልጅ ገደለ። ገዳዩ ፍርዱን ጨርሶ ወጣ፤ መንግሥት ከእሱ ጋር ጨረሰ፤ ደሙ ግን አልደረቀም። ደመኛ ደግሞ ገዳዩን ካጣ ወንድሙን አይምርም። ስለዚህ ሙሉዓለም እዚያው ስማዳ ወገዳ ገበያ አይወጣም፤ እርሻውን ሰው ያርስለታል፤ በኋላም አማቱ ቤት ተጠግቶ፣ በቀን በር ዘግቶ የሚቀመጥ ሰው ሆነ። ህይወት ባሏ ሲያስል እንኳ ድምፁ እንዳይሰማ የምትደነግጥ ሴት ሆነች። ደጊቱ ይህንን ስታይ ነው የኖረችው።

ሽማግሌዎቹ ብዙ ደክመው ሁለቱን ወገን አስማሙ። የቀረው ደምሌ ነበር፤ የሟቹ ታላቅ ወንድም። መተማ ነው የሚኖረው፤ መንገዱ አላስመጣውም። በስልክ ይቅር በል ሲሉት፣

«በአንድ ስልክ ያየ አንድ ሰው ነው» አለ። «ዘመዶቼ ጅቡቲም አዲስ አበባም አሉ። ሁሉም በዓይኑ ይይ፤ ነገ ማንም ተነስቶ አላየሁም፣ አልሰማሁም እንዳይል። የሚያሾፍብኝ ካለ ግን በዚያው ቀን እርቁ ፈርሷል።»

እንግዲህ ያ ሳጥን ያንን ቀን እንዲሸከም ተባለ።

ጊዜው የትንሣኤ ሰሞን ነው። ደጊቱ ጠዋት ቀድማ አዳራሹን ከፈተች፤ ሳጥኑን አበራች፤ ሥዕሉን ለማየት ላፕቶፑን ገለጠች። ከሥዕሉ ጥግ፣ ለእማማ ስንዱ ከተዘጋጀው አግዳሚ በላይ፣ የሚስቅ የራስ ቅል ተለጥፏል።

ባለፈው እሑድም የማታውቀው ፊደል ከግርጌ ታይቷት ነበር። መብራት ሲቆራረጥ የመጣ ጣጣ ነው ብላ ሰርዛው ዝም አለች። ይሄ ግን የመብራት አይደለም። የራስ ቅሉን አጠፋችው። የእመቤታችንን ስም ጠራች። የራስ ቅሉ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ተለቅ ብሏል።

የኤሌክትሪኩን ገመድ ነቀለችና ነጠላዋን ሳታስተካክል ወደ አሚን ሱቅ ሮጠች።

አሚን ስልክና የጥበቃ ካሜራ ይሸጣል፤ የጨው ነጋዴዋ የሀሊማ ልጅ ነው።

«እትዬ ደጊቱ፣ ምነው? ጅብ አባረረዎት እንዴ በጠራራ ፀሐይ?»

«ጅብ በሆነልኝ!» ብላ ያየችውን ነገረችው።

«የይለፍ ቃሉን ማን ያውቃል?»

«እኔ ብቻ። መሐሪ ነው የሰጠኝ። እንኳን ለሰው ለልጄ አልነገርኩም።»

«ለእኔስ ይነግሩኛል?»

«አልነግርህም፤ አደራ ነው።»

አሚን ፈገግ አለ። የአዳራሹ ሥዕል የሚታይበትን የኢንተርኔት አድራሻ ብቻ ጠይቆ ተቀበላት። «ይሂዱና ሳጥኑን ያብሩት፤ ካሜራውን ግን በክዳኑ ይሸፍኑት። ከዚያ ይደውሉልኝ» አላት። ተመልሳ አበራች፤ ደወለች።

«ልንገርዎት?» አለ በስልኩ። «ስሙ አድሚን፣ ቃሉም አድሚን። ይኸው ገባሁ። ከግርጌ ያለውን የአጥቢያውን ስም ይዩት፤ እኔ ላጠፋው ነው።»

ዓይኗ እያየ የአጥቢያው ስም ከላፕቶፑ ላይ ጠፋ። ደጊቱ ቤቷ ውስጥ ተኝታ ሳለ ሰው ከራስጌዋ ቆሞ እንዳየች ሆነች።

«ማን ነገረህ?»

«ፋብሪካው ነዋ! እዚህ መደርደሪያዬ ላይ ያሉት ሁሉ ቃላቸው ይኸው ነው። ሲሸጡ ሁሉንም በአንድ ቁልፍ ይዘጉታል፤ የገዛው ሰው ቤቱ ወስዶ ይቀይረው ብለው። መሐሪም የመረጠው አይደለም። በሽታው አጣድፎት ሳይነግርዎት ቀርቶ ይሆናል።»

«ታዲያ ማን ነው ሞት የሚለጥፍብኝ? ከደምሌ ወገን ነው? ከእኛ?»

«ከማንም። እርስዎን የማያውቅ፣ እስቴንም የማያውቅ፣ የት እንዳለ የማይታወቅ ዋልጌ ነው። በዓለም ላይ ያለውን በር ሁሉ በዚያች ቃል ሲነካካ ይውላል፤ የተከፈተለት ቤት ገብቶ ይስቃል። አሁኑኑ ይቀይሩት። የኢንተርኔቱን ገመድ ነቅለው፣ ላፕቶፑን ከሳጥኑ ጋር ብቻ አገናኝተው። እኔም ሱቁን ዘግቼ እመጣለሁ።»

ሰው መግባት ጀምሯል። የሟች ወገን በቀኝ፣ የገዳይ ወገን በግራ፣ መካከሉን ሽማግሌዎች ያዙት። ገዳዩ በልማዱ መሠረት ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ከደጁ ቆሟል። ያ ድንጋይ ይቅር እስኪባል አይወርድም።

ደጊቱ ገመዱን ነቅላ ይዛ ቆመች፤ መቀየሩ ግን አልሆነላትም። «እንዳለ ጠብቂልኝ» ያለው ሰው መቃብሩ ከአዳራሹ ጀርባ ነው። ወደ ነፍስ አባቷ ወደ ቄስ አለበል ሄደች።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ።»

«ከምኑ ልጄ? ጊዜ የለኝም፤ ሰውየው ድንጋይ ተሸክሞ ቆሟል።»

በችኮላ ነገረቻቸው። ቄሱ መስቀላቸውን ከአንድ እጅ ወደ አንድ እጅ አዛወሩ።

«የገብር ሔር ዕለት መጥተሽ ነበር?»

«ነበርኩ አባቴ።»

«መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ ስንት ጎደለበት?»

«ምንም አልጎደለበትም። እንዳለ ነው የመለሰው።»

«ተመሰገነ?»

«የለም አባቴ፤ ተገሠጸ።»

«በይ ሂጂ። መሐሪ አደራ ያለሽ ሥራውን ነው፤ የፋብሪካውን ስስ ላስቲክ አይደለም። ለነፍሱ እኔ ኃላፊ ነኝ።»

ሄደች። ነገር ግን የዘገየው ዘግይቷል። በእማማ ስንዱ እጅ ያለው ስልክ ጮኸ፤ ደምሌ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተቀብለው ድምፁን ለሁሉም ከፈቱት።

«ሥዕሉ የት አለ? ዘመድ ሁሉ ስልኩን ይዞ ጨለማ ያያል! ምን እየሸፈናችሁ ነው?»

«ትንሽ ብልሽት ነው» አለ ከግራ በኩል አንድ ሰው ፈጥኖ።

«ሳጥኑን የያዘችው ማን ናት? የሙሉዓለም አማት አይደለችም?»

አዳራሹ ውስጥ ጋቢ ሲስተካከል ተሰማ። ደጊቱ ብልሽት ነው ብላ ልታልፍ ትችል ነበር፤ አፏ ላይም ደርሶ ነበር። ግን እነዚያ ዘመዶች ውስጥ አንዱ ጠዋት ስልኩን ከፍቶ የራስ ቅሉን አይቶት ቢሆንስ? በኋላ ከሚወራ አሁን ከእሷ አፍ ይውጣ።

«ወንድሜ ደምሌ፣ ደጊቱ ነኝ» አለች። «የሙሉዓለም አማት ነኝ፤ አልደብቅህም። ሌባ ሳጥኑን ከፍቶ ገብቷል። ጠዋት ከእናትህ መቀመጫ በላይ የራስ ቅል ለጥፎ አገኘሁት። ቁልፉን እስክቀይር ነው የዘጋሁት።»

«ምን አስነገረሽ!» አለ ከግራ የተቀመጠው የገዳዩ አባት አያ ይርዳው፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

«የራስ ቅል?» አለ ደምሌ ቀስ ብሎ። «በእናቴ ራስ ላይ?»

ከቀኝ በኩል አንድ ጎረምሳ ተነሳ። ከግራም ሁለት ተነሱ። ቄስ አለበል መስቀላቸውን ከፍ አድርገው መካከል ገቡ፤ «ተቀመጡ! በበዓለ ሃምሳ! ተቀመጡ ብያለሁ!»

አሚን ያን ጊዜ ደረሰ። ከበሩ ላይ ድንጋይ የተሸከመውን ሰው አልፎ ገባና ስልኩን ከሽማግሌው ተቀበለ።

«ደምሌ፣ አሚን ነኝ፣ የሀሊማ ልጅ።»

«የጨው ነጋዴዋ ሀሊማ?»

«የጨው ነጋዴዋ ሀሊማ። ዛሬ ጠዋት እኔ ራሴ ሱቄ ተቀምጬ ገብቼበታለሁ፤ ማንም ሳይነግረኝ። ቃሉ ከፋብሪካው ያልተቀየረ፣ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ነው። የለጠፈው ሰው እናንተን አያውቃችሁም። በእናቴ ይሁንብኝ።»



«እንግዲያ አዲሱን ቃል እናቴ ትያዘው» አለ ደምሌ። «አማትየው አትንካው።»

«ኧረ ባክህ!» አለ አያ ይርዳው። «ነገ እናንተ በእኛ ላይ ብትጽፉስ? ሥዕሉ የእኛንም ፊት ነው የሚያሳየው!»

«እንግዲያ እርቁ ይቅር!» አለ ደምሌ።

«ይቅር ከሆነ ይቅር!»

ከደጁ ማቃሰት ተሰማ። ድንጋይ የተሸከመው ሰው በግድግዳው ተደግፏል። ሊደግፈው የተነሳ የለም፤ ልማዱ አይፈቅድም።

ደጊቱ ወደ ሳጥኑ ዞረች። ስንት ዘመን ያበሰችው፣ እንደ ዓይኗ ብሌን የያዘችው ነገር ነው። ከእጇ እንዲወጣ አልፈለገችም። ቢሆንም ተናገረች።

«ሙዳየ ምጽዋታችን በስንት ቁልፍ ነው የሚከፈተው?» አለች። «አንዱ ያለ ሌላው አይከፍተውም። የዚህም ቃል እንደዚያ ይሁን። ግማሹን እማማ ስንዱ ይጻፉ፣ ግማሹን አያ ይርዳው። አንዱ የአንዱን አይይ። እኔም አልይዘውም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «አሚን፣ ይሆናል?»

«ይሆናል፤ ከአንድ ቃል ይሻላል እንጂ።»

«ደምሌ፣ ሰማህ?»

«ሰማሁ» አለ ስልኩ። «እናቴ ግን መጻፍ አታውቅም።»

«ቁጥር አውቃለሁ!» አሉ እማማ ስንዱ ተቆጥተው። «ላንተ ስደውል ማን ነው የሚደውልልኝ?»

እማማ ስንዱ ከቀኝ፣ አያ ይርዳው ከግራ መጥተው ከአንድ ላፕቶፕ ፊት ተቀመጡ። የእማማ ስንዱ ልጅ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ቀርበው አያውቁም። አሚን ከኋላቸው ሆኖ ምክሩን ሰጠ፤ ረጅም ይሁን፤ የስልክ ቁጥር አይሁን፤ የልደት ቀን አይሁን፤ የታቦት ቀን አይሁን።

«ታዲያ ለእኛ ምን ቀረልን?» አለ አያ ይርዳው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳያስበው ሳቀ፤ ቶሎ ዋጠው።

ቄስ አለበል ካባቸውን እንደ መጋረጃ ዘረጉ። እማማ ስንዱ ከካባው ሥር ሆነው ጣታቸውን አንድ በአንድ ተጫኑ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ዘወር አሉና አያ ይርዳው ቀጠለ።

«ነጠብጣብ ብቻ ነው የሚያሳየኝ» አለ።

«ምስጢር ስለሆነ ነው» አለ አሚን። «አሁን ለማረጋገጫ ሁለታችሁም እንደገና ያንኑ ጻፉ።»

እንደገና ጻፉ። ደጊቱ ቁልፉን ተጫነች። ቀይ ጽሑፍ ወጣ።

«ምን አለ?»

«አይመሳሰልም አለ። አንዳችሁ ስታችኋል» አለ አሚን።

«ይርዳው ነው!» አለ ያ የቀኙ ጎረምሳ እንደገና ብድግ ብሎ። «ሆን ብሎ ነው! እርቁን አይፈልገውም!»

አያ ይርዳው ወደ በሩ ዞረ። ልጁ በደጅ ድንጋይ ተሸክሞ ቆሞ፣ እሱ እርቅ የማይፈልግ ተባለ። ደጊቱ በሩ የተዘጋውን ቤቷን አሰበች፤ እዚያ ውስጥ ህይወት ስልኳን ይዛ የጠቆረውን ሥዕል ታያለች።

«ቁጭ በል አንተ» አሉ እማማ ስንዱ ወደ ጎረምሳው ሳይዞሩ። «እኔ ነኝ የሳትኩ። እጄ ተንቀጠቀጠ።»

ማን እንደሳተ የሚያውቅ የለም። እሳቸውም ያወቁት አይመስልም። አያ ይርዳው ግን ቀና ብሎ አያቸው፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ።

«ደግመን እንጻፍ» አሉት። «ቀስ በል። አንተም ቀስ በል፣ እኔም ቀስ እላለሁ።»

ካባው እንደገና ተዘረጋ። ሁለቱም በየተራቸው ጻፉ። ደጊቱ ተጫነች። ሳጥኑ ጠፋ፤ መብራቷ ድርግም አለች፤ ብዙ የቆየ መሰላት። ከዚያ አረንጓዴ ሆነች። አሚን በላፕቶፑ በድሮው ቃል ሊገባ ሞከረ፤ ሳጥኑ አልከፍትም አለው።

«አሁን ገመዱን ይስኩ» አላት።

ሰካች። የካሜራውን ክዳን አነሳች፤ ሥዕሉ መጣ። ጥጉ ንጹሕ ነው። እማማ ስንዱና አያ ይርዳው እንደተቀመጡ ናቸው፤ ትከሻቸው ሊነካካ ትንሽ ቀርቶታል።

ሽማግሌው ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«ደምሌ፣ ታየህ?»

«ታየኝ» አለ። «ካሜራውን ወደ በሩ አዙሩት።»

ደጊቱ አዞረችው። በሩ ላይ ሰውየው ከወገቡ ታጥፎ፣ ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ እየተንጠባጠበ፣ ድንጋዩን በሁለት እጁ አንገቱ ላይ ይዞ ቆሟል።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ እንደተሸከመ ነው?»

«ይቅር ሳይባል ይወርዳል እንዴ?» አሉ ቄስ አለበል።

«እማዬ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?»

«እኔማ አንተን እየጠበቅሁ ነው ልጄ» አሉ እማማ ስንዱ። «እኔ ከጨረስኩ ቆይቻለሁ።»

ደምሌ አፍንጫውን ሲስብ ተሰማ። «አውርዱለት» አለ። «በእግዚአብሔር ስም ይቅር ብያለሁ። ያያችሁ ሁሉ ምስክር ሁኑ።»

ድንጋዩ ሲወርድ መሬቱ ድው አለ። የሴቶች እልልታ ጀመረ፤ ደጊቱ ግን ካሜራውን በሩ ላይ እንዳነጣጠረች ቆመች።

«ታናሹስ?» አለ ደምሌ። «ሙሉዓለም የሚሉት? አላየሁትም።»

«ቤት ነው» አለች ደጊቱ። «አይወጣም።»

«ይምጣ። ፊቱን ልየው። በመንገዱ መሀል ይምጣ፤ ሰው አይነካውም።»

መደወል ትችል ነበር፤ አልደወለችም። ሳጥኑን ለአሚን ትታ ወጣች። ከቤቷ በር ደርሳ ስታንኳኳ ህይወት ከውስጥ እያለቀሰች ከፈተች፤ ሁሉንም በስልኳ አይታለች። ሙሉዓለም ከኋላዋ ቆሟል፤ ጫማውን አድርጓል።

«እንሂድ ልጄ» አለችው።

ደጁ ላይ ሲደርስ ቆመ። ፀሐዩ ዓይኑን ወጋውና በእጁ ከለለው። ከዚያ ወረደ። መጀመሪያ በአጥሩ ጥግ ጥግ ሄደ፤ አህያ የሚነዳ ሰው «እንዴት ዋላችሁ» ብሎ አለፈው፤ ማን እንደሆነ እንኳ ዞሮ አላየውም። ሙሉዓለም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ጮክ ብሎ መለሰና ወደ መንገዱ መሀል ገባ። ደጊቱ ከኋላ እየተከተለች፣ ከንፈሯ ሳይከፈት፣ «ተመስገን፣ ተመስገን» ትል ነበር።